ደቀ መዝሙሩ ወዴት ያድራል?

በመጽሐፈ ነገሥት የተነገረውን የሱነማዊቱን ሴት ታሪክ ያልሰማ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ያለ አይመስለንም። ይህች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በከተማዋ በኩል ሲመላለስ ባየችው ጊዜ ማዕድ አቅርባ በመሸኘት ብቻ አልተወሰነችም። ከባልዋ ጋር ተማክራ በሰገነት ላይ ትንሽ ክፍል አሠራችለት፤ በክፍሉም ውስጥ አልጋና ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት። ማዕዱን ሌላም ሰው ሊያቀርብለት ይችል ነበር። አራቱን ዕቃዎች ለማኖር ግን መንገደኛው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድርና በማግሥቱ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልግ ነበር።

ይህን ታሪክ ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የምንኖርባት ጠዳ ከጎንደር በስተደቡብ፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ፣ ወደ ማክሰኚትና ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ነጋዴውም፣ ታማሚውም፣ የኮሌጅ ተማሪውም ያልፋል። ከእነዚህም ጋር አኩፋዳውን ያነገተ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ያልፋል። በጋይንት በኩል ድጓውን ተምሮ ለአቋቋም ትምህርት ወደ ጎንደር የሚሻገረው የዜማ ደቀ መዝሙር መንገዱ በደጃችን ነው። እንግዲህ የምንጽፈው ስለዚህ ተማሪ ነው፤ ይኸውም ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው በሚሻገርበት ጊዜ ምን እንደሚያጋጥመውና ክርስቲያን ቤተ ሰብ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል ነው።

የዜማ ተማሪ ስለምን ከአገር አገር ይሄዳል?

በዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ ያደገ ሰው የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዞር ባየ ጊዜ፣ «ይህ ልጅ አንድ ስፍራ ዐርፎ ስለምን አይማርም?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ በልጅነታችን በየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ዲቁና የተቀበልን፣ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት አልፈን ዛሬ ጠመኔ ይዘን ከሰሌዳ ፊት የምንቆም ስለሆንን፣ ሁለቱን ሥርዓቶች ለማነጻጸር ዕድል አግኝተናል።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ አንድ ግቢ ገብቶ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ቋንቋውንም ከዚያው ያገኛል። አባቱ ሥራ ተዛውሮ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ርእሰ መምህሩ መልቀቂያ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይሰጡታል፤ ተቀባዩም ትምህርት ቤት ወረቀቱን አይቶ በክፍሉ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ዝውውር በዘመናዊው ትምህርት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው።

በዜማ ትምህርት ግን ዝውውር ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው። የቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች የሚባሉት ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ሊቃውንት አባቶቻችን ይህ ትምህርት እንዳይፋለስ ለየሙያው የምስክር ቤት ለይተው ወስነዋል። ድጓ የሚመሰከረው በጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው በደቡብ ጎንደር ዙር አምባ ነው። ለቅዳሴ በትግራይ ሽሬ ደብረ ዓባይ የታወቀ ነው። ለአቋቋም ጎንደር በአታ ለማርያም አለ፤ የተክሌን ስልት የመረጠ ደግሞ ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ይህም ስልት የተጀመረው በአለቃ ገብረ ሐና ሆኖ በልጃቸው በተክሌ ስም እንደ ተጠራ ይነገራል። ቅኔ የፈለገ ተማሪም ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወይም ወደ ዋድላ ይገሰግሳል። እንግዲህ አንድ ልጅ ሙሉ የዜማ መምህር ለመሆን ሲነሣ ጎጆውን ብዙ ጊዜ ማፍረስና ብዙ ጊዜ መቀለስ ግድ ይሆንበታል።

ይህስ ለምን አስፈለገ ያልን እንደ ሆነ፣ ዜማ ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ባለመሆኑ ነው። በድጓ ገጽ ላይ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች 10 ናቸው፤ እነርሱም ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ድርስና አንብር ይባላሉ። በሊቃውንቱ ትምህርት ስምንቱ ከቅዱስ ያሬድ የመጡ ሲሆኑ፣ ድርስና አንብር በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተጨመሩ ናቸው። ምልክቱ ድምፁ የት እንደሚወድቅና የት እንደሚነሣ ያሳስባል እንጂ፣ እንዴት እንደሚወድቅና እንዴት እንደሚነሣ የሚያሳየው የመምህሩ አፍ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንዱን ምልክት እያዩ ሁለት ዓይነት ቢያዜሙ የሚዳኛቸው የምስክሩ ቤት ነው።

ዛሬ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ቢሆንም፣ አዲሱ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቁት ወረቀቱን አይደለም። «እስቲ አሰማኝ» ይላሉ። የዜማ ተማሪ ዋናው መልቀቂያ ድምፁ ነው። ድምፁም ብርድ፣ ረኃብና ትኩሳት ያገኘው እንደ ሆነ፣ መልቀቂያው ዝናብ ላይ እንደ ወደቀ ወረቀት ይበላሻል።

በሩን የከፈተው አጎት

በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ራሱ በልጅነቱ ትምህርቱን ጥሎ የሄደ ተማሪ እንደ ነበር ልናስታውስ ይገባናል። በአክሱም ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ ቅጣቱም ጸናበትና ኮበለለ። በመንገድ ደክሞት ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግማ ወድቃ በሰባተኛው ጊዜ ስትወጣ አየ፤ ልቡም ተመልሶ ወደ መምህሩ ሄደ። አጎቱም ይቅር ብለው ተቀበሉት።

ስለ ትሏ ትዕግሥት በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ብዙ ይሰበካል፤ መሰበኩም ተገቢ ነው። እኛ ግን ዘወትር የምናስበው ልጁን መልሶ ስለ ተቀበለው ስለ አጎቱ ቤት ነው። ያ በር በዚያ ቀን ተዘግቶ ቢቈይ ኖሮ፣ የትሏ ትምህርት ከዛፉ ሥር በቀረ ነበር። ቅዱሱ በዕድሜው መጨረሻ የተሰወረው በእኛው አገር በሰሜን ተራሮች መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ የእርሱን ተማሪዎች ማስተናገድ ከሌላው ይልቅ በእኛ በጎንደርና በሰሜን ሰዎች ላይ የተጣለ አደራ እንደ ሆነ ይሰማናል።

በጥንቱ ዘመን ይህን አደራ መወጣት የዛሬን ያህል አስቸጋሪ አልነበረም። ተማሪው ከደብሩ አጠገብ ከጫካው እንጨት ቆርጦ፣ ከመስኩ ሣር አጭዶ ጎጆውን ይቀልሳል። ምግቡንም በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከሚያገኘው ቁራሽና ቆሎ ያሟላል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናቱ ከነመጻሕፍታቸው ሲጋዩ፣ በመምህራንና በተማሪዎች ልብ የተያዘው ዜማ ግን አልተቃጠለም። ነገር ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደብሮቹና መምህራኑ ይተዳደሩበት የነበረው መሬት ከእጃቸው ወጣ። ከተሞችም እየሰፉ ሄዱ። ዛሬ በጎንደር ከተማ ውስጥ ጎጆ ልቀልስ ብሎ እንጨት የሚቆርጥ ተማሪ እንጨቱንም ቦታውንም አያገኝም። ክፍል መከራየት አለበት፤ ለመከራየት ደግሞ ብር ያስፈልገዋል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበን ተማሪ በብዙው ስፍራ የመኝታ ክፍልና የምግብ አዳራሽ ይጠብቀዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት እንኳ የሚጠራው በቅዱስ ያሬድ ስም ነው። የያሬድን ድጓ በቃሉ ይዞ የሚሄደውን ተማሪ ግን ከቁራሹ በቀር የሚጠብቀው የለም።

ፊተኛው እንግዳችን

እስካሁን የተናገርነውን ሁሉ ያወቅነው ዘግይተን ነው። ከዛሬ 9 ዓመት በፊት በጥቅምት ወር በአንድ ረቡዕ ማታ ከደጃችን «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሰማን። ውሾቹን ይዘን ብንወጣ ዕድሜው 19 ዓመት የሚሆን ልጅ ቆሟል። ወደ ቤት አስገባነው። ባለቤታችን እግሩን አሳጠበችው፤ ሽሮም አቀረበችለት። ድጓውን ጨርሶ ለአቋቋም ወደ ጎንደር የሚሄድ መሆኑን ነገረን። ድምፁ እጅግ ያማረ ነበር። ከእራት በኋላ አንዱን ከግእዝ፣ አንዱን ከዕዝል፣ አንዱን ከአራራይ እያልን እስኪመሽ ድረስ አስዜምነው። በማግሥቱ ዳቦ በአኩፋዳው ጨምረን፣ 50 ብርም ሰጥተን ሸኘነው። ያን ቀን በትምህርት ቤታችን ለባልንጀሮቻችን እንግዳ መቀበላችንን በደስታ ስናወራ ዋልን።

ከ3 ዓመት በኋላ በአዘዞ ከመኪና መሳፈሪያው አጠገብ ስንቆም፣ ጆንያ ከጭነት መኪና የሚያወርድ አንድ ወጣት ሸክሙን አስቀምጦ ወደ እኛ መጣ።

«መምህር፣ አላወቁኝም?» አለን።

አላወቅነውም ነበር። ፊቱ ጠቁሮ፣ ጉንጩ ገብቶ፣ ድምፁም ሻክሮ ነበር። ስሙን ሲነግረን ደነገጥን። እንዴት ሆኖ ከዚህ እንደ ደረሰ ጠየቅነው። ጎንደር ገብቶ ከከተማው ጉባኤ ቤቶች ወደ አንዱ ሄደ። መምህሩ ዜማውን ሰምተው በደስታ ተቀበሉት። የተማሪዎቹ ማደሪያ ግን ሞልቶ ስለ ነበር፣ «ማደሪያ ፈልግና ና» ተባለ። 11 ሌሊት በደጀ ሰላም ጥግ ዐደረ። ክፍል የሚያከራዩት ሰዎች የ3 ወር ኪራይ በቅድሚያ ጠየቁት። ያን ጊዜ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄዱ ልጆች አገኘና፣ «አንድ ወር ሠርቼ ለኪራዩ የሚሆነውን ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ አብሯቸው ወረደ። በዚያ ወባ ያዘው፤ የሠራበትም ገንዘብ ለመድኃኒት ዐለቀ። ባዶ እጁን ወደ መምህሩ ለመመለስ አፈረ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ከበጋ በሸክም ይኖራል።

«ትምህርቱስ?» አልነው።

«ድጓ ካልከለሱት ይሸሻል፣ መምህር» አለን። ከዚያም በልሆሳስ አንድ ዜማ ጀመረ፤ ከመካከሉ ሲደርስ ቆመ። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ በዚያው ስፍራ ቆመ። ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ቀጥሎም እስከ ዛሬ ከጆሮአችን ያልወጣ ነገር ተናገረን። «ያን ማታ ያበሉኝን እንጀራ አልረሳሁም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ጎንደር ማን ዘንድ ታድራለህ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ አላውቅም እልዎ ነበር።» የሚመልሰውን ቃል ገና ስንፈልግ፣ ባለጆንያው ጠራውና ሄደ።

ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከእኛ ቤት እስከ ጉባኤ ቤቱ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ብዙ ዓመት የደከመበት ትምህርት የጠፋው በዚያች አጭር መንገድ ነው። እኛም ያን ማታ ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች አዚም ስንለው፣ አንዱን አስፈላጊ ጥያቄ አልጠየቅነውም።

ሁለተኛው እንግዳችን

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በዓል በኋላ ሌላ ልጅ በዚያው ቃል ደጃችንን ጠራ። እርሱም ከቤተልሔም ድጓውን ጨርሶ ወደ ጎንደር ለአቋቋም የሚሻገር ነበር። ገና እግሩን ሳይታጠብ ባለቤታችን፣ «ልጄ፣ ጎንደር ማን ዘንድ ነው የምታድረው?» አለችው። ልጁም መሬት መሬት እያየ፣ «እመቤታችን ታውቃለች፣ እናቴ» ሲል መለሰላት። ባለቤታችን ወደ እኛ ዞራ ተመለከተች። የምንሠራውን አወቅን።

በመጀመሪያ 3 ቀን አሳረፍነው። በእነዚህ ቀናት የቀድሞ መምህሩን በስልክ አገኘናቸው፤ ስለ ልጁ ጠባይና ስለ ትምህርቱ መሰከሩልን። ወላጆቹም የት እንዳለ እንዲያውቁ በጎረቤት ስልክ ነገርናቸው። እናቱ ለ5 ወር ድምፁን ስላልሰማች አለቀሰች።

ቅዳሜ ዕለት አብረነው ወደ ጎንደር ሄድን። የአቋቋሙ መምህር ዘንድ ገብተን እጅ ነሥተን ቆምን። የኔታም እንደ ሥርዓቱ አሰሙት፤ ሁለት ስፍራም አረሙት፤ ከዚያ በኋላ፣ «ድጓው ይዞታል፤ ይምጣና ይቁም» አሉ። እንዲህ በቁም ዜማ፣ በዝማሜ፣ በመረግድ፣ በጽፋትና በወረብ የሚያልፈው ትምህርት ተጀመረለት። መቋሚያና ጸናጽል ከተማሪዎቹ አንዱ አዋሰው።

ከዚያ የከበደው ሥራ መጣ፤ ይኸውም ማደሪያ መፈለግ ነው። አንዱ አከራይ ዋጋውን ከፍ አደረገብን። ሌላው ክፍሉን ካሳየን በኋላ ልጁ የዜማ ተማሪ መሆኑን ሲሰማ፣ «ሌሊት እየጮኸ አያስተኛንም» ብሎ ከለከለን። አልተቀየምነውም፤ የዜማ ተማሪ ሌሊት እንደሚያዜም እውነት ነውና። ሦስተኛው ደግሞ ኪራይ አልፈልግም ብሎ ነበር፤ በኪራዩ ፋንታ ግን ልጁ ከብቱን እንዲጠብቅለት ፈለገ። አመስግነን ወጣን።

በመጨረሻ በጎንደር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የማኅበራችን እናት ከግቢያቸው በስተጓሮ ያለችውን የማገዶ ማስቀመጫ ክፍል አሳዩን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጣራዋ ግን አያፈስም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰንበቴው ሰዎች ጋር ሆነን ማገዶውን አወጣን፤ ግድግዳውን ለቀለቅን። አንዱ የሽቦ አልጋ አመጣ። አንዱ ከልጆቹ የተረፈ ጠረጴዛ አመጣ። እኛ ከቤታችን ወንበር ወሰድን። አንዲት የቡና ነጋዴ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል በፀሐይ የሚሞላ መብራት ገዛችለት። ዕቃዎቹ በስፍራቸው ሲቀመጡ ካህኑ ቈጠሩና፣ «የሱነማዊቱ ቤት ሆነ» አሉ። አስበን ያደረግነው አልነበረም። ተማሪ ለሆነ ሰው የሚያስፈልጉት እነዚያው ናቸውና እንዲሁ ሆነ።

ለእህሉም 12 ቤተ ሰቦች በየወሩ አንድ አንዱ ተራ ገባ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ተራው የደረሰው ቤት ለአንድ ወር የአንድ ልጅ ቀለብ ማውጣት ከአቅሙ በላይ አልሆነበትም። ባለቤቲቱ እናትና ተማሪው ደግሞ በካህኑ ፊት ተስማሙ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ዶሮ ጩኸት በክፍሉ ውስጥ አያዜምም፤ ሌሊት መከለስ ሲፈልግ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ይሄዳል። ኪራይ አይከፍልም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጅ ልጃቸው ዳዊት ያስተምራል።

ሁሉም ቀና ሆነ ብለን አንባቢን አናታልልም። በኅዳር ወር ልጁ ታመመ። እናቲቱ በሌሊት ደውለው ጠሩን፤ ሆስፒታል ወስደነው 4 ቀን ተኝቶ ዳነ። ያን ጊዜ ፊተኛው ልጅ በመተማ በትኩሳት ሲነድድ ማን ውሃ እንዳቀበለው አሰብን። ደግሞም ልጁ 6ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠውን ዘመናዊ ትምህርት በማታ ለመቀጠል ሲመኝ፣ ከገጠሩ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ለማግኘት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ መጻፍና አንድ ጊዜ ሰው መላክ አስፈለገን። በጥር ወር ገባለት። አሁን ማታ ሒሳብ ይማራል፤ ቀን መቋሚያ ይዞ ይቆማል። አቋቋሙን ጨርሶ ይመሰክር እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። እስከ ዛሬ ግን ከጉባኤው አንድ ቀንም አልቀረም፤ ታሞ ከተኛባቸው ቀናት በቀር።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ከእነዚህ ከሁለቱ ልጆች የተማርነውን በጥቂቱ ለአንባቢዎቻችን እናካፍላለን።

አንደኛ፣ ተማሪው ማደሪያ አይጠይቅም። በእኛ በጠዳ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ስላለ የኮሌጅ ተማሪ ሲመጣ፣ «ክፍል አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁላችንም እንመልስለታለን። የዜማ ተማሪ ግን ከመምህሩ የተማረው ልመና ስለ ቁራሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከእኛ ይነሣ። ከየት ጉባኤ መጣህ? ወደ ማን መምህር ትሄዳለህ? ማን ዘንድ ታድራለህ?

ሁለተኛ፣ ልጁ ትንሽ ከሆነና ወላጆቹ የት እንዳለ የማያውቁ ከሆነ፣ ወደ ፊት ከመሸኘት በፊት ወላጆቹን ማግኘት ይገባል። መንገድ እንደ ቀድሞው ጸጥ ያለ ባልሆነበት በዚህ ዘመን ብቻውን አይለቀቅ፤ ከሚታመን መንገደኛ ጋር ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ጉባኤ ቤቱን ከማየቱ በፊት ለረጅም ጊዜ ቤት አይከራይለት። መጀመሪያ መምህሩ ይስሙት፤ ይቀበሉት። ጎንደር የሚፈልገውን ስልት የሚያገኝበት መሆኑን፣ ወይስ ወደ ደብረ ታቦር መሄድ ይሻለው እንደ ሆነ ከመምህራን ጋር ይማከር። ተሳስቶ ከገባ ሁለተኛ መሻገር ይመጣበታል።

አራተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ከሁሉ ይከብዳሉ። ደጁን አያውቅም፤ ደጁም አያውቀውም። በእነዚህ ቀናት ቀለቡ ከተቻለና በየሳምንቱ አንድ ሰው ከጠየቀው፣ ከዚያ በኋላ ራሱ መንደሩን ይለምዳል።

አምስተኛ፣ ማደሪያ የሰጠ ቤት ተማሪውን አገልጋይ አያድርገው። የሚረዳው ሥራ ካለ ሰዓቱና ልኩ በሽማግሌ ፊት ይወሰን። ቤተ ሰቡም የሚጨነቅበትን ነገር፣ ድምፁንም ሆነ ሌላውን፣ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይንገረው።

አንዳንድ አባቶች፣ «ተማሪ ካልተራበና ካልተንከራተተ ትምህርቱ አይባረክለትም» ይላሉ። እኛም የቁራሹን ትሕትና አንንቅም፤ ራሳችን በልጅነታችን አኩፋዳ ይዘን ዞረናል። ነገር ግን እነዚያው አባቶች በተማሩበት ዘመን ጠባብም ብትሆን ጎጆ ነበረቻቸው። ማታ የሚገቡባት ጣራ ነበረች። ማጣትን የመረጠ ሰው ትሕትናን ይማራል፤ ማደሪያ ያጣ ልጅ ግን ወደ ሰሊጥ ማሳ ይወርዳል።

ስለ ፊተኛው ልጅ አንድ ነገር ጨምረን ጽሑፋችንን እንፈጽማለን። ሁለተኛው ተማሪ ክፍሉን ከያዘ በኋላ ወደ አዘዞ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን ፈለግነው። አብረውት ይሸከሙ የነበሩት፣ «ወደ መተማ ወርዷል» አሉን፤ ስልኩን የሚያውቅ ግን አልተገኘም። አሁን ዕድሜው ወደ 28 ዓመት ይጠጋል። ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ በኩል ለንግድ ወይም ለመከር የሚወርድ ሰው፣ ጆንያ ተሸክሞ በልሆሳስ የሚያዜምና ከመካከል ሲደርስ የሚያቆም ሰው ቢያገኝ፣ በጠዳ የሚኖሩ ሰዎች እንደሚፈልጉት ይንገርልን። በእናቲቱ ግቢ ከዚያች ክፍል አጠገብ ሌላ ባዶ ክፍል አለ፤ ግድግዳውን ለቅልቀናል፤ አልጋውም ገብቷል። መምህሩንም ነግረናቸዋል፤ «የረሳውን እንከልስለታለን፤ ብቻ ይምጣ» ብለዋል።

የሱነማዊቱን ሴት ቤት የባረከ አምላክ የሁላችንንም ቤት ይባርክልን፤ አሜን።